ኮርነርባክ ሪሲቨሩ ወዴት እንደሚታጠፍ በምን ያውቃል?

«ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ በሃይስኩል ቡድኑ ኮርነርባክ ይጫወታል» ይላሉ አንዲት እናት ከሜሪላንድ። «እኔ ያደግሁት እግር ኳስ እያየሁ ስለሆነ ይሄ የአሜሪካ ፉትቦል አሁንም ግራ ያጋባኛል። ኳስ የሚቀበለው ልጅ ወዴት እንደሚሮጥ አስቀድሞ ያውቃል። ልጄ ግን አያውቅም። ታዲያ እንዴት ይከተለዋል? አሰልጣኙ ሁልጊዜ ‹ዓይንህ! ዓይንህ!› እያለ ይጮህበታል። ምን ማለቱ ነው? ባለፈው ዓርብ ደግሞ ተቀባዩ በአጠገቡ አልፎ ታችዳውን ሲያስቆጥር ልጄ ከኋላ ቀረ። ሰው ሁሉ እሱን ወቀሰው። እሱ ግን ‹ከኋላዬ ያለው የኔ አልነበረም› ይላል። እውነቱን ነው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ልጅዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል። በዚህ ጨዋታ አንዳንዴ ተቀባዩን ከኋላ ላለው ሰው ለቆ መቅረት ራሱ ሥራ ነው። ይህን ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ኮርነር ምን እያየ እንደሚጫወት መናገር አለብኝ። እኔ የማሠለጥነው የዲፌንስ የኋላ መስመር ተጫዋቾችን ነው። ከወላጆች በብዛት የምሰማውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ስሞቹን ባጭሩ ላስቀምጥ። ኳሱን ይዞ የሚያጠቃው ቡድን ኦፌንስ፣ የሚከላከለው ዲፌንስ ይባላል። ታችዳውን ማለት ኳሱን የተጋጣሚው ጎል መስመር ውስጥ አድርሶ ነጥብ ማስቆጠር ነው። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ነው። ለመቀበል የሚሮጡት ሪሲቨሮች ናቸው። ከነሱ ፊት ለፊት፣ ወደ ሜዳው ጠርዝ የሚቆሙት ኮርነሮች ናቸው። ሴፍቲዎች ከኋላ ጠለቅ ብለው ይቆማሉ። ላይንባከሮች መሃል ላይ ናቸው። ሪሲቨሩ የሚሮጠው የተጠና መንገድ ሩት ይባላል። ኳሱ ከመሬት ተነስቶ ጨዋታው የሚጀመርበት ቅጽበት ስናፕ ነው። ያርድ ደግሞ ከሜትር ትንሽ ያንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጥሩ ኮርነር አይገምትም። የማይሆነውን አንድ በአንድ እየሰረዘ ይሄዳል። ከስናፕ በፊት ብዙውን ይሰርዛል። በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ሌላውን ይሰርዛል። ሪሲቨሩ ሊታጠፍ ሲል የሚቀሩት ሁለት ወይም ሦስት አማራጮች ብቻ ናቸው። ለዚህ ፈጣን እግር ብቻውን አይበቃም። ዓይን በትክክለኛው ሰዓት ትክክለኛው ቦታ ላይ መሆን አለበት። አሰልጣኙ የሚጮኸው ለዚህ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚበለጡት በአብዛኛው በፍጥነት ሳይሆን በዓይን ነው። ይህን በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

የሪሲቨሩ ምርጫ የሚመስለውን ያህል ብዙ አይደለም። አሰልጣኞች ለሩቶች ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። ከቡድን ቡድን ትንሽ ይለያያል፤ በብዛት የሚሠራበት ግን እንዲህ ነው። 1፣ 3፣ 5 እና 7 ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ጠርዙ የሚታጠፉ ናቸው። ፍላት፣ ከምባክ፣ አውት እና ኮርነር ይባላሉ። 2፣ 4፣ 6 እና 8 ወደ መሃል ናቸው። ስላንት፣ ከርል፣ ዲግ እና ፖስት። 9 ቁጥር ጎ ይባላል፤ ሳይታጠፉ ቀጥ ብሎ መሮጥ ነው። ሌላው ሁሉ ማለት ይቻላል የእነዚህ ቅልቅል ነው። ልጅዎ እነዚህን ዘጠኙን እንደ ስሙ ማወቅ አለበት። ከአንዱ ስር ሌላው እንዴት እንደሚመጣም ጭምር። ለምሳሌ ስላንት እና ፖስት ሁለቱም ወደ መሃል ናቸው፤ የሚለያቸው ሪሲቨሩ የሚታጠፍበት ርቀት ነው። ስላንት ከሦስት እርምጃ በኋላ ይታጠፋል። ፖስት አሥራ ምናምን ያርድ ሄዶ ነው።

ከስናፕ በፊት የመጀመሪያው እይታ ሪሲቨሩ የቆመበት ቦታ ነው። ሜዳው 53 ያርድ ከትንሽ ይሰፋል። ሣሩ ላይ በትልቁ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፤ 10፣ 20፣ 30 እያሉ የሚሄዱት። ሪሲቨሩ ከቁጥሩ ውጭ፣ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ከቆመ ወደ ውጭ የሚታጠፍበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ስላንት፣ ዲግ፣ ፖስት ወይም ጎ ይጠበቃል። ከቁጥሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከቆመ ደግሞ ወደ ውጭ ሰፊ ቦታ ትቷል። ይህን የሚያደርገው በምክንያት ነው። አውት ወይም ኮርነር ሊሮጥ ይችላል፤ ወይም ደግሞ መሃሉን አቋርጦ ወደ ማዶ ሊሻገር። ይህ ሕግ አይደለም። ጎበዝ የኦፌንስ አሰልጣኝ ሆን ብሎ ይሰብረዋል። ግን በሃይስኩል ደረጃ እጅግ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ምክንያቱም ልጆቹ የሚቆሙት ለሩቱ በሚመቻቸው ቦታ ነው።

ሁለተኛው እይታ ሰሌዳው ነው። አንድ ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ 6 ያርድ ከቀረው ሪሲቨሩ 4 ያርድ ላይ ቆሞ ኳስ መቀበል አይጠቅመውም። 7 ወይም 8 ያርድ ድረስ መሄድ አለበት። ስለዚህ ኮርነሩ 6 ያርዷን መስመር በዓይኑ ይለካታል። ከዚያች በፊት የሚደረግ መታጠፍ ብዙም አያሳስበውም። 2 ያርድ ብቻ ከቀረ ግን ሁሉም ነገር ፈጣን ይሆናል። ያን ጊዜ ርቆ መቆም ለስላንት በር ከፍቶ መስጠት ነው።

ሦስተኛው እይታ ቆጠራ ነው። ዲፌንስ ሪሲቨሮችን ከጠርዝ ወደ መሃል ይቆጥራል። ጠርዝ ላይ ያለው 1ኛ፣ ቀጥሎ ያለው 2ኛ፣ ከዚያ 3ኛ። ይህ ቆጠራ ቀላል ይመስላል። ግን በኋላ እንደሚያዩት የልጅዎን የዓርቡን ጉዳይ የሚፈታው እሱ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ጥሪው፣ ማለትም ለዚያ ጨዋታ የተመረጠው የመከላከያ ዓይነት ይመጣል። ዲፌንሱ በዚህ ጨዋታ ማን ቱ ማን ነው (እያንዳንዱ አንድ ሰው ይይዛል) ወይስ ዞን (እያንዳንዱ ቦታ ይጠብቃል)? ልጆች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ዓይን የሚቀመጥበት ቦታ ከጥሪው ጋር ይለወጣል። ማን ቱ ማን ከሆነ ዓይን ሪሲቨሩ ላይ ነው፤ ኳርተርባኩን ሰረቅ አድርጎ ማየት አደጋ ነው። ዞን ከሆነ ኳርተርባኩን በቀጥታ ያያል፣ ሪሲቨሩን ደግሞ በዓይኑ ጥግ ይይዘዋል። ልጁ ጥሪው ማን ቱ ማን ሆኖ በዞን ዓይን ከተጫወተ፣ ኳርተርባኩን እያየ ሪሲቨሩ ይጠፋበታል። ያኔ ነው «ዓይንህ!» የሚለው ጩኸት የሚሰማው። ወላጅ ከመቀመጫው ሲያየው ልጁ የተኛ ይመስላል። አልተኛም። የሚያየው ሌላ ነገር ነው።

ማን ቱ ማን ሲሆን ሁለት ዓይነት አቋቋም አለ። አንዱ ፕሬስ ነው። ኮርነሩ ሪሲቨሩ አፍንጫ ስር ይቆማል። ገና ሲነሳ በእጁ ደረቱን መትቶ ያዘገየዋል። እዚህ ላይ ዓይን ቀበቶው ላይ ነው። ጭንቅላት ያታልላል፣ ትከሻ ያታልላል፣ እጅም ያታልላል። ወገብ ግን ሰውየው በእርግጥ ወደሚሄድበት ነው የሚሄደው። ትዕግሥት የሌለው ልጅ በመጀመሪያዋ ማታለያ ዘሎ ይመታል፤ እጁ አየር ይመታና ሪሲቨሩ ያልፈዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እግር በትንሹ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ እጅ በኋላ ይከተላል።

የእጁ ሕግ ከሊግ ሊግ ስለሚለያይ ላስረዳ። ልጆች ቲቪ ላይ የሚያዩትን ሜዳ ላይ ይደግማሉና። በኤንኤፍኤል፣ ማለትም በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ፣ ኮርነሩ ሪሲቨሩን መግፋት የሚችለው በመጀመሪያዎቹ 5 ያርዶች ውስጥ ነው። ከዚያ ካለፈ 5 ያርድ ቅጣት እና ለኦፌንሱ አዲስ አራት ሙከራ ነው። ይህ ሕግ የወጣው በ1978 ነው። የፒትስበርግ ስቲለርሱ ሜል ብላውንት ሪሲቨሮችን በጉልበቱ ሜዳው ሁሉ ላይ ስላስቸገረ በሱ ስም እስከመጠራት ደርሷል። በሃይስኩል የ5 ያርድ ሕግ የለም። ሪሲቨሩ ከፊትዎ ሆኖ ሊያግድዎ የሚችል እስከሆነ ድረስ መንካት ይቻላል። እኩል ከደረሰ ወይም ካለፈ በኋላ ግን ክልክል ነው።

ሁለተኛው አቋቋም ራቅ ብሎ መቆም ነው። ከ6 እስከ 8 ያርድ። ለወጣቶች እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ማንበብ ያስተምራልና። በዚህ አቋቋም አንዳንድ አሰልጣኞች፣ እኔም ጭምር፣ ጥሪው ማን ቱ ማን ቢሆንም ዓይን በመጀመሪያዋ ቅጽበት ኳርተርባኩን እንዲያይ እናስተምራለን። ለምን? ኳርተርባኩ ወደ ኋላ የሚወስደው የእርምጃ ብዛት የሩቱን ርዝመት ይናገራል። ሦስት እርምጃ ወስዶ ከቆመ ኳሱ አሁኑኑ ይወጣል። ስላንት፣ አጭር አውት ወይም ሂች ነው፤ ሂች ማለት 5 ወይም 6 ያርድ ሄዶ ዞር ማለት ነው። አምስት እርምጃ ከወሰደ መካከለኛ ሩቶች ይመጣሉ። ሰባት ከወሰደ ጥልቅ ነው። የዛሬ ሃይስኩሎች አብዛኞቹ ሾትገን ይጠቀማሉ፤ ኳርተርባኩ ከመጀመሪያውም ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ያን ጊዜ ሦስቱ እርምጃ ወደ አንድ ይወርዳል፣ አምስቱ ወደ ሦስት።

ኮርነሩ ወደ ኋላ በዝግታ እየተንሸራተተ ይህን ያያል። ኳርተርባኩ ቶሎ ከቆመና ግራ እጁ ከኳሱ ከተላቀቀ ውርወራው መጥቷል ማለት ነው፤ ቀኝ እጁ የሚወረውር ከሆነ። ኮርነሩ እግሩን ተክሎ ወደፊት ይተኮሳል። ኳርተርባኩ ካልቆመ አጭር ሩቶች ሁሉ ተሰረዙ። ያኔ ዓይን ወዲያው ወደ ሪሲቨሩ ይመለሳል፣ እዚያም ይቀራል። ችግሩ የሚመጣው ይህ መመለስ ሲዘገይ ነው። ልጁ ኳርተርባኩ ምን እንደሚያደርግ ማየት ይጣፍጠዋል። ግማሽ ሰከንድ ይቆያል። በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ጥሩ ሪሲቨር 4 ያርድ ይሄዳል። እኔ ልጆችን የማሠለጥናቸው በድምፅ ነው፤ «አየሁ፣ ተመለስኩ» እንዲሉ አደርጋለሁ። ድምፁ ዓይንን ይጎትታል።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል፣ ወደ ሰውነት ንባብ እንምጣ። ሪሲቨር በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ደረቱ ወደፊት ያዘነብላል፣ እጆቹ በኃይል ይወዛወዛሉ። ማንም ሰው በዚያ ፍጥነት እየሮጠ ድንገት ቆሞ ሊዞር አይችልም። መጀመሪያ መቀነስ አለበት። ለመቀነስ ወገቡን ዝቅ ያደርጋል፣ ደረቱ ቀና ይላል፣ እርምጃው አጥሮ ይፈጥናል። ከርል፣ ከምባክ፣ አውት እና ዲግ ሁሉ ይህን ምልክት ይሰጣሉ። ምልክቱ የሚታየው ከመታጠፉ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ በፊት ነው። ኮርነሩ የሚሸነፈው ወይም የሚያሸንፈው በእነዚያ ሁለት እርምጃዎች ነው።

ጎ እና ፖስት ግን መቀነስ አይፈልጉም። ስለዚህ 12 ያርድ አልፎ ወገቡ ዝቅ ካላለ፣ ከባዱ አደጋ እየመጣ ነው። ኮርነሩ ዞሮ መሮጥ አለበት። በመሃላቸው ያለው ክፍተት ወደ 3 ያርድ ሲጠብ ወደ ኋላ መንሸራተት አበቃ። አንዳንድ ልጆች ክብር ይመስላቸውና እየተንሸራተቱ ይቆያሉ፤ ሪሲቨሩ ጣታቸው ላይ ቆሞ ያልፋቸዋል።

ድርብ ማታለያውም የሚታወቀው በዚሁ ወገብ ነው። ሪሲቨሩ ስላንት የሚሄድ መስሎ ይታጠፍና ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይፈነጠራል። ስሉጎ ይሉታል። ተራ ልጅ በጭንቅላቱና በእጁ ብቻ ያታልላል፤ ወገቡ አልተጠማዘዘም። ቀበቶውን የሚያይ ኮርነር አይታለልም። ኳስ ለመንጠቅ የተራበ ኮርነር ግን ዘልሎ ይገባል። ለዚህ ነው ልጆች ዩቲዩብ ላይ የኢንተርሴፕሽን፣ ማለትም የተወረወረ ኳስ የመንጠቅ፣ ቪዲዮ ብቻ እንዲያዩ የማልፈልገው። በአንድ ሲዝን የኢንተርሴፕሽን ሪከርድ የናይት ትሬን ሌን 14 ነው፤ በ1952 የተመዘገበ፣ እስከዛሬም ያልተሰበረ። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላም ማንም አልደረሰበትም። በ2024 የዲፌንስ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ የተመረጠው ደግሞ የዴንቨር ብሮንኮሱ ኮርነር ፓትሪክ ሰርቴይን ዳግማዊ ነው። ልጅዎ የሚያየው እሱን ቢሆን ደስ ይለኛል። እንቅስቃሴው የተረጋጋ ነው። ቶሎ አይደነግጥም፣ ያለምክንያት አይዘልም።

አንድ ሌላ ነገር፤ በየትኛው ጎን መቆም። ኮርነር ብቻውን ሁለቱንም ጎን መዝጋት አይችልም። አንዱን ራሱ ይዘጋል፣ ሌላውን ለረዳት ይተወዋል። መሃል ላይ ሴፍቲ ካለ ኮርነሩ ወደ ውጭ ጠጋ ብሎ ሪሲቨሩን ወደ ሴፍቲው ሊነዳው ይችላል። ሴፍቲ ከሌለ ከውስጥ በኩል ይቆማል። ጠርዙ ራሱ ረዳት ነው፤ ከመስመር የወጣ ሪሲቨር ምንም አይጠቅምም። ልጅዎ ከስናፕ በፊት «ረዳቴ የት ነው?» ብሎ ካልጠየቀ የቱንም ያህል ቢፈጥን ይበለጣል።

አሁን ወደ ዓርቡ። ዞን ሲባል እያንዳንዱ ሰው ቦታ ይጠብቃል። ኮቨር 3 በሚባለው የዞን ጥሪ ላይ ሦስት ሰዎች ጥልቁን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፤ ኮርነሩ ከሦስቱ አንዱ ነው። እዚያ ላይ ከኋላው ማንም ማለፍ የለበትም። ኮቨር 2 ላይ ግን ሁለቱ ሴፍቲዎች ጥልቁን ለሁለት ይካፈሉታል። ኮርነሩ ከፊት ያለውን አጭር ቦታ፣ ፍላቱን ይጠብቃል። ጥሪው ኮቨር 2 ከነበረ፣ ሪሲቨሩ ጠልቆ ሲሄድ የሴፍቲው ነው። ልጅዎ ከኋላ የቀረው ትክክል ነበር።

ሆኖም በኮቨር 2 ላይ ኮርነሩ አንድ ሥራ አለበት። ሪሲቨሩ በጠርዙ በኩል በነጻ እንዳያልፍ መግፋት፣ ወደ ውስጥ ማስገባት እና ማዘግየት። ሴፍቲው ከመሃል ተነስቶ ጠርዙ ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ኮርነሩ እጁን ሳይሰነዝር ካሳለፈው፣ ከሱ ኋላና ከሴፍቲው ፊት ባለው ቀዳዳ ኳስ ይገባል። ወደ 18 እና 20 ያርድ አካባቢ ያለ ቦታ ነው፤ ኳርተርባኮች በጣም ይወዱታል። ስለዚህ «የኔ አልነበረም» እውነት ሊሆን ይችላል፤ «ነክተኸው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ግን ይቀራል። እሱን በረጋ መንፈስ ይጠይቁት።

ሌላም አማራጭ አለ፤ ቆጠራው የሚጠቅመው እዚህ ነው። ብዙ ቡድኖች ዛሬ ዞንን ከማን ቱ ማን ጋር ያዋህዳሉ። አሰልጣኞቹ ቢል ቤሊቸክ እና ኒክ ሴበን ከ1991 እስከ 1994 ክሊቭላንድ ብራውንስ ሳሉ ከሠሩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ሴበን በኋላ ወደ ኮሌጅ ይዞት ሄደ፤ ከዚያ ወደ ሃይስኩል ወረደ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ተከላካዩ ባዶ ቦታ አይጠብቅም፤ 2ኛው ሪሲቨር የሚያደርገውን አይቶ የራሱን ሰው ይመርጣል። በአንዱ ዓይነት ኮርነሩ 1ኛውን እየጠበቀ ዓይኑ 2ኛው ላይ ነው። 2ኛው በፍጥነት ወደ ፍላት፣ ወደ ጠርዙ ከወጣ፣ ኮርነሩ 1ኛውን ለሴፍቲው ትቶ 2ኛውን ይይዛል። 2ኛው ቀጥ ብሎ ጠልቆ ከሄደ ደግሞ ሴፍቲው 2ኛውን ይወስዳል፤ ኮርነሩ 1ኛውን እስከመጨረሻው ይከተላል። እርስዎ እግር ኳስ ስላዩ ያውቁታል፤ ተከላካዮች የሚሮጥን አጥቂ እንደሚቀባበሉት ነው።

ውበቱም አደጋውም ያው ነው። ሁለት ሰዎች ያንኑ ሰው በዚያው ቅጽበት አይተው ያንኑ ውሳኔ መወሰን አለባቸው። ኮርነሩ 2ኛው ወደ ፍላት ወጣ ብሎ ሲለቅ፣ ሴፍቲው ደግሞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብሎ ከጠበቀ፣ 1ኛው ብቻውን ይቀራል። ከመቀመጫ ሲታይ ጥፋቱ የኮርነሩ ነው፤ ለሪሲቨሩ ቅርብ የነበረው እሱ ስለሆነ። ብዙ ጊዜ ግን የሴፍቲው ነው፤ ወይም ሳይነጋገሩ የቀሩት የሁለቱም። የተመልካች ወቀሳ ለዚህ ነው የሚያሳዝነኝ። ጥሪውን የማያውቅ ሰው ጥፋተኛውን ሊያውቅ አይችልም።

ይህ ሁሉ ንባብ በአንድ ጨዋታ ተሰብስቦ ሲታይ ምን እንደሚመስል ላሳይዎ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015፣ አሪዞና ውስጥ ግሌንዴል ላይ የተደረገው ሱፐርቦውል፣ የኤንኤፍኤል የዋንጫ ጨዋታ ነው። ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ 28 ለ 24 እየመራ ነው። ሲያትል ሲሆክስ ከጎሉ 1 ያርድ ላይ ደርሷል። 26 ሰከንድ ቀርቷል። ሲያትል በቀኝ በኩል ሁለት ሪሲቨሮችን አንዱን ከአንዱ ኋላ ደርድሮ አቆመ። ፊት ያለው ጀርሜይን ከርስ ነው፤ ከኋላው ሪካርዶ ሎኬት። የዚህ አሰላለፍ ዓላማ ግልጽ ነው። ፊት ያለው የኋላውን ተከላካይ ያግዳል፣ ኋላ ያለው በተፈጠረው ቀዳዳ ስላንት ይገባል።

ከፓትሪየትስ በኩል ብራንደን ብራውነር ከርስ ፊት ቆመ። ከሱ ኋላ፣ ጎል መስመሩ ውስጥ ማልኮም በትለር አለ። ከዌስት አላባማ የመጣ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ድራፍት ማንም ያልመረጠው፣ የመጀመሪያ ዓመቱን የሚጫወት ልጅ። በልምምድ ላይ ያንኑ አሰላለፍ አይቶ ነበር። ያን ቀን ዘግይቶ ተበልጧል፤ ያኔ የፓትሪየትስ አሰልጣኝ የነበረው ቤሊቸክም ይህን ማወቅ እንዳለበት ነግሮታል። አሁን ሁለቱ ሪሲቨሮች ሲደረደሩ ያችው ሥዕል ፊቱ ላይ መጣች። ስናፕ ሆነ። ብራውነር ከርስን በሁለት እጁ ይዞ ከቦታው አላንቀሳቅሰውም። ስለዚህ ግርዶሹ አልተሠራም። በትለር ወደ ኋላ አልሄደም፣ አልጠበቀም። ሎኬት ሲታጠፍ እሱ ቀድሞ ወደ ኳሱ መንገድ ተተኩሶ ነበር። የሲያትሉ ኳርተርባክ ራስል ዊልሰን የወረወረው ኳስ እጁ ላይ ገባ። በኤንኤፍኤል ያገኘው የመጀመሪያው ኢንተርሴፕሽን ነው፤ ሻምፒዮናውንም ዘጋው።

ሰው የሚያስታውሰው ሲያትል ለምን በሩጫ አልገባም የሚለውን ክርክር ነው። እኔ የማየው የብራውነርን እጅ እና የበትለርን የመጀመሪያ እርምጃ ነው። 1 ያርድ ላይ ጥልቅ ሩት የለም፤ ተሰርዟል። የተደረደሩ ሪሲቨሮች ናቸው፤ ወደ ውጭ የሚሄደውም ጠባብ ነው። የቀረው አንድ ነገር ነበር። ልጅዎ ይህን ጨዋታ ድምፁን አጥፍቶ፣ በትለርን ብቻ እያየ ደጋግሞ ቢያየው ከብዙ ልምምድ የበለጠ ያስተምረዋል።

ስለ ኳሱ ደግሞ። ኳሱ አየር ላይ ሲሆን ልጆች ሁሉ ዞረው ማየት ይፈልጋሉ። ደንቡ ግን እንዲህ ነው። ወገብ ለወገብ ከሆኑ፣ ማለትም ሪሲቨሩን በክንድዎ መንካት ከቻሉ፣ ዞረው ኳሱን ይፈልጉ። ከኋላ ከቀሩ አይዙሩ። ዞሮ መመልከት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ክፍተቱን ያሰፋዋል። ያን ጊዜ ዓይን ሪሲቨሩ እጆች ላይ ይቆያል። እጆቹ ሲነሱ ኳሱ መጣ ማለት ነው። የኮርነሩ እጅ በእጆቹ መሃል ገብቶ ወደ ታች ይጎትታል።

የመጀመሪያውን ለማየት የሲያትሉ ኮርነር ሪቻርድ ሸርማን በጃንዋሪ 2014 ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር ያደረገውን ይመልከቱ። የሳን ፍራንሲስኮው ሪሲቨር ማይክል ክራብትሪ ወደ ጎሉ ጥግ ሮጠ። ሸርማን ከሱ ጋር እኩል ነበር። ስለዚህ ዞረ፣ ኳሱን አገኘው፣ ዘልሎ በጣቶቹ ገፋው። የቡድን ጓደኛው ማልኮም ስሚዝ ያዘው፤ ሲያትል 23 ለ 17 አሸንፎ ወደ ሱፐርቦውል አለፈ። ከኋላ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ያ መዞር ታችዳውን ይሆን ነበር።

ሳይዞሩ ሰውየውን መግጨት ደግሞ ዳኛውን ፍላግ ያስወረውራል፤ ቅጣት ማለት ነው። በሃይስኩል 15 ያርድ ነው። በኤንኤፍኤል ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታ ድረስ ኳሱ ይወሰዳል፤ 40 ያርድም ሊሆን ይችላል።

በቤት ምን ይርዱት? የሃይስኩል ቡድኖች አብዛኞቹ ጨዋታቸውን ሀድል የሚባለው አፕ ላይ ይጭናሉ። ልጅዎ ስልኩ ላይ ሳይኖረው አይቀርም። አብረው ይቀመጡ። እያንዳንዱን ጨዋታ ከስናፕ በፊት ያስቆሙት። ከዚያ እርስዎ ይጠይቁት፦ ጥሪው ምን ነበር? ሪሲቨሩ ከቁጥሩ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ? ስንት ያርድ ቀርቷል? ረዳትህ የት ነው? 2ኛው ማነው? መልሱን ከሰጠ በኋላ ቪዲዮውን ይልቀቁት። የእርስዎ ጨዋታውን አለማወቅ እዚህ ላይ ጥቅም ነው፤ ልጁ በቀላል ቃል እንዲያስረዳዎ ይገደዳል። ማስረዳት የሚችል ልጅ ሜዳ ላይም ቶሎ ያያል።

የዓርቡን ጨዋታም በዚሁ መንገድ ክፈቱት። ጥሪው ኮቨር 2 ከነበረ፣ እጁን መሰንዘሩን እዩ። ኮቨር 3 ከነበረ ግን ጥፋቱ የሱ ነው፤ ያኔ ዓይኑ ከስናፕ በኋላ ኳርተርባኩ ላይ ምን ያህል እንደቆየ ቪዲዮውን በዝግታ እያስኬዳችሁ ተመልከቱ። 2ኛውን ሪሲቨር የሚያነቡበት ጥሪ ከነበረ ደግሞ ሴፍቲ የሆነውን ጓደኛውን ጠርቶ አብረው ይዩት፤ ሰኞ ወደ ልምምድ ከመሄዳቸው በፊት በምን ቃል እንደሚጠራሩ ይስማሙ።